መረብ ያልለበሰው ወይን

ኖሊን ሃዶው በምትነዳው ሚኒባስ ውስጥ ከሦስተኛው ቅምሻ በፊት መዝፈን ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት፤ ጠዋት ከመጥመቂያ መጥመቂያ የምታዞራቸውን እንግዶቿን ከየማረፊያቸው እየለቀመች ወደ ኬቭስ ሮድ ጎዳና ስትወጣ በመስታወቱ እያየቻቸው ታውጅላቸዋለች። ከሦስተኛው በኋላ ዘፈኑም ልቅሶውም የእነሱ ጉዳይ ነው። ሰው ወይን ጠጅ ሲቀምስ ምን እንደሚሆን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ሁሉም አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ ከትቶ ሊቅ ይሆናል፤ ቀጥሎ ባልና ሚስት ይፋቀራሉ፤ ማምሻው ላይ አንዱ ተነስቶ ሥራዬን ለቅቄ እዚህ መሬት እገዛለሁ ይላል። እሷ ጠብታ አትቀምስም። መሪ የጨበጠ ሰው የሚፈቀድለት ማሽተት ብቻ ነው ባይ ናት።

የተወለደችው እዚያው ማርጋሬት ሪቨር ነው፤ ባሕሩ ከሚሰማበት ግን ከማይታይበት መሬት ላይ። አባቷ ላም ያልቡ ነበር። የወተቱ ነገር አልሆን ሲል ታላቅ ወንድሟ ሌን ግጦሹን ገልብጦ ሴሚዮን የሚሉትን ነጭ ወይን ተከለበት። "ላም ያልጠገበበት መሬት ለወይን ሊሆን ነው?" ብለው ነበር አባትየው። ሆነ። ሌንና ሚስቱ ማርሊን የድሮውን ማለቢያ ቤት መጥመቂያ አደረጉት፤ በረንዳው ላይ ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው እንግዳ ማስቀመስ ጀመሩ። ኖሊንም የቀኑን ጉዞ ሁልጊዜ የምትቋጨው እዚያ ነበር።

ማርሊን ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ሌን ሥራውን አልተወም፣ ግን ሥራው እሱን እየተወው ነበር። ልጁ ዳሚየን ከሰሜን፣ ከብረት ማዕድኑ፣ ለገና በመጣ ጊዜ ምሳ ላይ ቁርጡን ነገረው።

"አባዬ፣ ይሄን አንድ ምርት ልየው። ገብቶ በርሜል ከሞላ ቀጥል፣ ሁለተኛ አልናገርህም። ካልገባ ግን መሬቱን ለጎረቤቱ የወይን ድርጅት ሽጥና ከተማ ግባ። እዚህ ብቻህን ወድቀህ እንዲያገኙህ አልፈልግም።"

ሌን ብዙ አላሰበም። እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ ተጨባበጡ። ኖሊን ሳህን እያነሳች ነበርና አየች። ወንድሟ የጨበጠውን እጅ እንደማያጥፍም ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ቁርጥ ባለበት በጋ ነው እንግዲህ ማሪ በጊዜው ሳያብብ የቀረው።

ማሪ የዚያ ዱር ትልቁ ዛፍ ነው። በጋው አጋማሽ ላይ ዱሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አበባ ይለብሳል፤ ማሩ እስኪንጠባጠብ ያብባል። ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት ትንሽ አረንጓዴ ወፍም ቀኑን ሙሉ እዚያው አበባ ላይ ተሰክታ ትውላለች። ዱሩ ካላበበ ግን ፊቷን ወደ ወይኑ ታዞራለች። አውራ ጣት ታክላለች ብትባል ነው፤ መንጋዋ ግን የአንድ ዓመት ድካም በሁለት ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ የአገሩ ሰው በበጋ ሲገናኝ ከጤና ይስጥልኝ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ማሪ ነው።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ኖሊን ዌንዲንና ፈርገስን ጫነች። የጋብቻቸውን ቀን ለማክበር በየዓመቱ ከፐርዝ የሚወርዱ ጡረተኞች ናቸው፤ ከእሷ ጋር ቤተሰብ ሆነዋል። ከኋላ ከበንበሪ ከተማ የመጡ ነርሶች ተደርድረዋል፣ ገና ሳይቀምሱ የሚስቁ ዓይነት። መንገዱ ዳርና ዳር ላይ ዱሩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። አንዲት ነጭ ነጥብ የለችበትም።

መጀመሪያ በቆሙበት ቤት ዌንዲ የቀመሰችውን ልትተፋ ለዚሁ ወደተቀመጠው ባልዲ ጎንበስ አለችና ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ባልዲው ውስጥ በተተፋው ወይን ጠጅ ላይ ንቦች ይዋኛሉ። ግማሾቹ ሞተዋል።

"ንቦቹም ቅምሻ ላይ ናቸው" አለ ፈርገስ።

"ሰክረው አይምሰልህ የኔ ጌታ" አለች ቀጂዋ ሴት፣ ባልዲውን እያነሳች። "ርቧቸው ነው። ዱሩ ውስጥ የሚቀምሱት የለማ።"

ነርሶቹ ሳቁ። ኖሊን ግን ብርጭቆ ጠርዝ ላይ ወጥታ ክንፏን ልታራግፍ የምትታገል አንዲት ንብ ስታይ ቆየች።

ሁለተኛው ቦታ ሲደርሱ ኮረብታው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ ረድፉ በሙሉ በመረብ ተሸፍኗል። ወፍ ማስደንገጫው መድፍ በየመሃሉ ይጮሃል።

"ሙሽራ መስሏል" አለች አንዷ ነርስ።

"እኔማ የታየኝ መግነዝ ነው" አለ ፈርገስ።

"ፈርገስ፣ ዛሬ የጋብቻችን ቀን ነው" አለችው ዌንዲ።

"እሱን ሳስብ እኮ ነው መግነዝ የታየኝ።"

ሚኒባሱ በሳቅ ተናወጠ። ኖሊን አብራ ሳቀች፤ ሥራዋ ነው። ዓይኗ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ አልተነሳም። ይሄኛው ሸፍኗል። ያኛውም ሸፍኗል። የሌን ጎረቤት ድርጅቱም እስከ አጥሩ ድረስ ሸፍኗል። ወፏ የምትበላው ካጣች፣ የሰው ደጅ ሁሉ ከተዘጋባት የት ነው የምትገባው? ነዳጁን ረገጥ አደረገች።

የሌን ወይን ራቁቱን ነበር። ፍሬው ወርቅ መምሰል ጀምሯል፣ ቅጠሉ ለምልሟል፣ ሲያዩት ያስጎመጃል። ጠረጴዛው ላይ፣ ማርሊን አበባ ታኖርበት በነበረው ብርጭቆ ውስጥ፣ ሌን አንድ የማሪ ቅርንጫፍ ሰክቷል። እንደ ሽምብራ የጠጠረ አረንጓዴ እምቡጥ ይዟል።

"ኑ እናንተ ሰካራሞች" አላቸው እንግዶቹን፣ ጠርሙሱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ጽሑፉን እያየ። ዓይኑ ደከም ብሏል። "የባሕር ንፋስ ያጠጣሁትን ቅመሱ።"

አይብና የወይን ፍሬ የተደረደረበት ሳህን መሃል ገባ። ወዲያው አንዲት ወፍ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አረፈች፤ ዓይኗን ነጭ ቀለበት ከቦታል።

"ይቺን ቆንጆ እዩልኝ፣ መነጽር አድርጋለች" አለች ዌንዲ፣ ስልኳን ቀስ ብላ እያወጣች።

ወፏ አንዷን ፍሬ ወጋ አደረገች፣ መጠጠች፣ ወደሚቀጥለው ዘለለች። አንዱንም አልጨረሰችም። ኖሊን እጇን አጨበጨበችና አባረረቻት።

"ምን አደረገችሽ?" አለች ዌንዲ ቅር ብሏት።

"እስካሁን ምንም።"

ወንድሟን በእጅጌው ይዛ ወደ በርሜሎቹ ጀርባ ወሰደችው።

"ሌን፣ መረቡ የት ነው?"

"የነበረበት።"

"አውጣው።"

"አንቺ ልጅ፣ ሥራሽ መኪና መንዳት ነው። አምና ሳልሸፍን አንዲት ፍሬ ተነካችብኝ?"

"አምና ዱሩ ነጭ ነበር።"

"ዘንድሮም ይሆናል። እምቡጡን አላየሽም? ዘገየ እንጂ አልቀረም።"

"እምቡጥ ወፍ አያጠግብም። ሌላው ሁሉ ሸፍኗል፤ ገበታህን ክፍት የተውከው አንተ ብቻ ነህ። ለዳሚየን ምን ልትለው ነው?"

 ሌን ጣቱን በርሜሉ እንጨት ላይ አመላለሰ።

"መረቡ የእሷ ነው" አለ በመጨረሻ።

ኖሊን ያን ጊዜ ገባት። ማርሊን ክረምቱን በሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተቀደደውን መረብ በአረንጓዴ ክር ስትጠግን ትከርም ነበር። ሌን ከቀብሯ ወዲህ መረቡ የተቀመጠበትን መጋዘን በር አልከፈተም። አምና ሳይሸፍን የቀረውም በድፍረት አልነበረም፤ ያን በር ላለመክፈት ነው።

ስለዚህ ከፈተችው እሷ። መረቡ ተጠቅልሎ፣ አቧራ ለብሶ፣ እዚያም እዚህም አረንጓዴ ስፌት ይዞ ጥጉ ላይ ተጋድሟል። ከፊቱ በምስማር ላይ ጠርዟ የተጣመመ አሮጌ መጥበሻ ተንጠልጥላለች። ኖሊን መንገድ ስለዘጋችባት አነሳቻትና መሬት ላይ አኖረቻት።

ዌንዲ ከበርሜሎቹ ጀርባ የተባለውን ሰምታ ነግራቸው ኖሮ ነርሶቹ ጫማቸውን አውልቀው መጡ። ሌን ትራክተሩን አስነሳ። ጥቅሉ እየተፈታ መረቡ በረድፉ ላይ ሲወርድ ግራና ቀኝ ጎትተው ከሥሩ አሰሩት። ፈርገስ ሁለቴ ተጠልፎ ወደቀ፤ አንዷ ነርስ "ይህን በሽተኛ ወደ ድንገተኛ ክፍል" እያለች ጎተተችው። ማንም የሚቀምስ አልነበረም፤ ሁሉም ግን የሰከረ ይመስል ነበር። ሌን እንኳ ትራክተሩ ላይ ሆኖ ሲያፏጭ ተሰማ። የመጨረሻውን ጫፍ ሲያስሩ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ወደ ባሕሩ ወርዳለች።

ቀና ሲሉ ጸጥታው ከበዳቸው።

"ስንመጣ ያን ያህል ወፍ ይጮህ አልነበረም? የት ገቡ?" አለ ፈርገስ ላቡን እየጠረገ።

"ተስፋ ቆርጠው ሄደዋላ" አለ ሌን፣ ያምና ሴሚዮኑን ከፍቶ ለሁሉም ቀዳ። ኖሊን ብርጭቆዋን አሸተተችና መልሳ አስቀመጠች። ሎሚ ሎሚ ይሸታል። 

በማግስቱ እንግዶቿን ከመልቀሟ በፊት ወንድሟን ልታይ ጎራ አለች። ሞተሩን እንዳጠፋች ሰማችው። ዝማሬ ነው። መቼም ያን የመሰለ የወፍ ዜማ በሌላ ቀን ቢሆን ቆሞ ያስደምጣል። የሚመጣው ግን ከዱሩ አይደለም፣ ከመረቡ ውስጥ ነው።

ሌን ከረድፉ ጫፍ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል። እጁ ላይ ያቺ የተጣመመች መጥበሻ አለች።

"ረሳናት" አላት ሳያያት።

ኖሊን መጥበሻዋን አይታ አስታወሰች። መረብ ከመጣሉ በፊት አንድ ሰው በረድፎቹ መሃል እየጮኸ፣ እየመታ ይሄዳል፤ ቅጠሉ ውስጥ የተሸሸገው ወፍ ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ነው የሚሸፈነው። ሁልጊዜ ያን የምታደርገው ማርሊን ነበረች፤ መጥበሻዋን በማንኪያ እየደበደበች፣ ሌን ከኋላ በትራክተሩ እየተከተላት። ትናንት ከፊት የሄደ ሰው አልነበረም። ወፎቹ ማታ ሊያድሩ ቅጠሉ ውስጥ ገብተው ዝም ባሉበት ነው ከላያቸው የዘጉባቸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላል የኛ ሰው።

"ሳነሳት ምን እንደሆነች አላሰብኩም" አለች ኖሊን። "በእጄ ይዣት ነበር፣ ሌን።"

"ተያት። መረቡን ካነሳሁት የውጪዎቹ ይገባሉ። ካላነሳሁት የውስጦቹ ይጨርሱታል። ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ይሄን ነው የማስበው።"

ቀና ብላ ዱሩን አየችው። ቅርንጫፉ ሁሉ ወደ እነሱ የዞረ ትንንሽ አረንጓዴ ወፍ ተሸክሟል። ይጠብቃሉ።

መረቡን አነሱት፤ የተዘጋበት ወፍ ወይኑን ሲበላ ቁጭ ብሎ ማየት አልቻሉም። የውስጦቹ ጥቂት በረሩ፣ የውጪዎቹ ብዙ ገቡ። ኖሊን እንግዶቿን ለሌላ ሹፌር አሳልፋ መቀስ ይዛ ወረደች። እስከ ምሽት ያልተወጋ ዘለላ እየፈለጉ ቆረጡ። ከወፉ በኋላ ንቡ መጣ፣ ከንቡ በኋላ ተርቡ፤ በሦስተኛው ቀን ከረድፎቹ የሚመጣው ሽታ የወይን ሳይሆን የሆምጣጤ ነበር። ያ ሁሉ ተለቅሞ የአንዱን በርሜል ግማሽ አልደረሰም።

ሌን ልጁ ጋ ራሱ ደወለ። "ዳሚየን፣ አልገባም" አለው። ስለ ወፍም ስለ መጥበሻም አላነሳም።

ጎረቤት ድርጅት መሬቱን ሊረከብ በመጣ ሳምንት ማሪው አበበ። አንድ ጠዋት ኬቭስ ሮድ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ ንቡ ያስተጋባ ጀመር፤ ወፎቹ አንድ ሳይቀሩ ከወይኑ ተነስተው ዱር ገቡ። ኖሊን ሚኒባሷን ዳር አስይዛ መሪው ላይ ተደፋች። እንግዶቿ ፎቶ አነሱ። ሌን እውነቱን ነበር፤ ዘገየ እንጂ አልቀረም።

አሁን ሌን ካወራመፕ በምትባል ከተማ ትንሽ ቤት ውስጥ ይኖራል። ዓይኑ በጣም ስለደከመ ብዙ አይወጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ኖሊን ከጎኗ አስቀምጣው ትዞራለች። እንግዶቹን ይተርባቸዋል፣ ሦስተኛው ቅምሻ ሳይደርስ ዘፈን ሲያስጀምር እሷም ዝም ትለዋለች። ወይኑ አሁንም አለ፤ ድርጅቱ በጊዜ ሸፍኖታል። ሚኒባሱ ግን እዚያ አይቆምም።

ዘንድሮ በጋው አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ያንን አጥር ሲያልፉ ሌን ፊቱን ወደ ዱሩ አዞረ።

"ኖሊን፣ እምቡጥ ይዟል?"

ኖሊን ፍጥነቷን ቀነሰች። ቅርንጫፉን በሙሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ምንም አልነበረም፤ እንደ ሽምብራ የጠጠረች አንዲት ነገር እንኳ የለችበትም። የፊት መስታወቷ ላይ ንብ አርፋ ውሃ የምትፈልግ ይመስል ወዲያ ወዲህ ትላለች።

"ይዟል" አለችው። "ዘገየ እንጂ።"