ያገባሁት እኔ ብቻ ነበርሁ

ይህ በጽሑፍ ይቀመጥልኝ። እኔና አንድ ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዳስ ተዳርን፤ በአንድ ቀንም ሽማግሌ አፋታን። ከዓመታት በኋላ ግን አንድ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ በአንዲት ጠዋት፣ እሱን «ያላገባ»፣ እኔን «ያገባች» ብሎ ጻፈ። ሰው ሰርቆኝ ያውቃል፤ ሰድቦኝም ያውቃል፤ ሁሉንም ትቻለሁ። ይህን ግን አልተውሁም።

ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ሕይወት ናት። ባለፈው ሳምንት አዋላጅነት ለመማር ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ የባቄላ እሸት እፈለፍል ነበር። ስሟን፣ የእናቷን ስም፣ የትውልድ ቦታዋን በስልኳ ላይ ስትነካካ ቆየችና «የጋብቻ ሁኔታ» ብላ አነበበች። ባቄላው ከእጄ ወደቀ።

«ወንዶቹንስ ይጠይቃል?» አልኋት።

«ምን ነካሽ እማማ፣ ሁሉንም ነው እንጂ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ኮሶዬ ነው የተወለድሁ። ኮሶዬ ብርድ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላና ድንች እንጂ ብዙ ነገር አያበቅልም። በስምንት ዓመቴ፣ በጥር፣ በበቅሎ ጭነው ከወንዝ ማዶ ላለ ቤት ሰጡኝ። ባሌ አያሌው አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ዳሱ ውስጥ ጎን ለጎን ሲያስቀምጡን ዳቦዬን ሊቀማኝ ቢሞክር አውራ ጣቱን ነከስሁት፤ ደሙ አዲሱ ኩታው ላይ ተንጠባጠበ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ገበጣ ያጫውተኝ ነበር፤ ሲሸነፍ ግን ያለቅሳል። ሦስት ጊዜ ኮብልዬ ወደ እናቴ ሄድሁ፤ ሦስት ጊዜ መለሱኝ። በአራተኛው አባቴ «ይህች ልጅ እንዲህ ስትመላለስ ወንዝ ይወስዳታል» አለና ሽማግሌ ተቀምጦ አፋታን። ለጋብቻው የተሰጠውም ከብት ወደየቤቱ ተነዳ። እኔ ጎንደር ከተማ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ባሏ መሪጌታ ነበሩ፤ እዚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማርሁ።

ነርስ ለመሆን የቆረጥሁት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አንዲት ነጭ የለበሰች ነርስ ክትባት ልትሰጠን መጣች። መምህራችን፣ በፊቱ ሳል እንኳ የምናፍንለት ሰው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ወንበሩን እፈልገዋለሁ» አለችው። ተነሣ! መርፌው ክንዴን ሲወጋኝ አልተሰማኝም፤ ዓይኔ ወንበሩ ላይ ነበር። ሴት ወንድን ከወንበሩ የምታስነሣበት ሥራ ካለ እኔም እሱን ነው የምሠራው አልሁ።

አባቴ ግን ከኮሶዬ ልኮብኝ ነበር፤ «የጤና ትምህርት ቤቱ ከተቀበላት ትማር፤ ካልተቀበላት በጥር እድራታለሁ» ብሎ። ሰውየውም ተለይቶ ታውቋል፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከእኔ የሚበልጡ ልጆች ያሉት ነጋዴ።

ምዝገባው በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ጭቃው ጫማ ይነጥቃል፤ ስለዚህ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ አክስቴ የቀቀለችልኝን ድንች በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድሁ። በሩ ላይ እግሬን በሣር ጠርጌ ጫማዬን አጠለቅሁ። ከፊቴ የተሰለፉት አብዛኞቹ እንደኔው የገጠር ልጆች ናቸው። በዚያ ዘመን በልጅነቷ ያልተዳረች የገጠር ልጅ ብትፈለግ በጭንቅ ነው የምትገኝ። ጸሐፊው «አግብተሻል?» ሲል ግን ሁሉም «የለም» እያሉ ያልፋሉ። እኔን ደግሞ ጠዋት ስወጣ መሪጌታ «ልጄ፣ የተጻፈ ነገር ከተናጋሪው በኋላ ይኖራል፤ ወረቀት ላይ አትዋሺ» ብለውኝ ነበር።

«አግብተሻል?»

«አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ጌታዬ። በስምንት ዓመቴ ነው።»

ብዕሩን አቆመ። «እዚህ ያለው ‹ያገባች› እና ‹ያላገባች› ብቻ ነው።»

«አሁንማ ባል የለኝም።»

«አግብቼ አላልሽም? ያገባች አንቀበልም። ቀጥሎ!»

እንባዬን ይዤ ስወጣ አንድ ጎረምሳ በሩ አጠገብ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ፈገግ ብሎ ቆሟል። አያሌው! ጎንደር መጥቶ መማሩን ሰምቼ ነበር፤ ካየሁት ግን ዓመታት አልፈዋል። ምንጭ ማጎልበትና መጸዳጃ ማስቆፈር ከሚማሩት ጋር ተቀብለውታል።

«ይታይሽ! አንቺ ነሽ እንዴ? ምነው ታለቅሻለሽ?»

«አንተ፣ አግብተሃል?»

«ኧረ እኔ! ማንን?»

«እኔን!»

ፈገግታው ጠፋ። «እሱማ የልጅነት ነገር ነው። ደግሞ ማንም አልጠየቀኝ።»

«ለአንተ የልጅነት፣ ለእኔ የዕድሜ ልክ?»

ጋቢውን ጨምድጄ ጎተትሁት። ሰልፉን ሁሉ አልፈን ጠረጴዛው ፊት አቆምሁት።

«ይህ ደግሞ ማነው?» አለ ጸሐፊው።

«ያገባሁት ሰው ነው። እኔ ካገባሁ እሱም አግብቷል። እሱ ካላገባ እኔም አላገባሁም። አንዱን ይምረጡ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዷ «ዳሱንም ጎትተሽ አምጪው!» አለች። ጸሐፊው ግን አልሳቀም። «አንተ፣ ታውቃታለህ?» አለው።

አያሌው «አላውቃትም» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። የእሱ ወረቀት በእጁ ነው፤ እኔ እብድ ተብዬ እወጣለሁ። ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይህ ጠባሳ የጥርሷ ነው» አለ። «የሠርጋችን ዕለት ነው የነከሰችኝ።» ወረቀቱንም ከጣቱ አጠገብ አስቀመጠው።

ጩኸቱን ሰምተው የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከቢሯቸው ወጡ፤ የሸበቱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«ስምንት።»

«አንተስ?»

«አሥራ ሁለት።»

የሁለታችንን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከዚያ የጸሐፊውን ብዕር ወስደው በእኔ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሰረዙና «ያላገባች» ብለው ጻፉ። «ሁለቱም ይግቡ» ብለውም ተመለሱ።

እኔ ግን ከጠረጴዛው አልተነቃነቅሁም። «ጌታዬ፣ እሱን ምነው ሳይጠይቁት ቀሩ?» አልሁት ጸሐፊውን።

«ገብተሻል እኮ! ሂጂ!» አለኝ። ይህ መልስ አይደለም።

ውጭ ካፊያው ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ከአያሌው ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ድንቹን በሚጥሚጣ በላን። ትልቁን ሲያነሣ እጁን ሰብሰብ አድርጎ «አትንከሺኝ እንጂ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣመኝ ድንች የለም።

ተማርሁ፤ ተመረቅሁ። ከኮሶዬ እስከ አዘዞ በእጄ የተወለደው ሰው ዛሬ ራሱ አያት ሆኗል። ወንድ ከወንበር ማስነሣቱም አልቀረብኝም፤ ስንቱን ነው «ምጥ ላይ ያለችው አንተ ነህ ወይስ እሷ?» እያልሁ ያስነሣሁት። አያሌው በየገጠሩ ምንጭ ሲያጎለብት ኖረ። ወድጄ ባገባሁ ጊዜም ሠርጌ ላይ ተገኝቶ ባሌን «ሸጋ ሴት ናት፤ ጣትህን ብቻ ጠብቅ» አለው።

ጸሐፊውን ግን ባገኘሁት ቁጥር እጠይቀው ነበር፤ በገበያ፣ በልቅሶ ቤት፣ በክብረ በዓል። በኋላ በኋላ ገና ከሩቅ ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ጀመር። ሰው «ገብተሽ የለም ወይ፣ ምን ቀረሽ?» ይለኛል። መግባትና ፍርድ ማግኘት አንድ አይደሉም። በሩ ስለተከፈተልኝ ለምን እንደተዘጋብኝ መጠየቅ አልተውም።

ይህን ሁሉ ስነግራት ሕይወት ስልኳን አስቀምጣ ከእኔ ጋር ባቄላውን ትፈለፍል ነበር።

«ታዲያ ሰውየው መለሰልሽ?» አለችኝ።

መልሶልኛል። አርጅቶ፣ አዘዞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። መንገድ የሚቀይርበት ጉልበት አልነበረውም። አጠገቡ ተቀምጬ ያንኑ ጠየቅሁት። በምርኩዙ መሬቱን ሲጭር፣ ሲጭር ቆየ።

«እኔም በአሥር ዓመቴ ተድሬ ነበር» አለኝ። «ለዚያ ሥራ ስቀጠር ያላገባ ብለው ጻፉኝ፤ ማንም አልጠየቀኝ። ጥያቄው የሴት ብቻ ይመስለኝ ነበር።»