የእትዬ ብርቄ ጭንቅላት መጠባበቂያ

ዲላ ስልክ ቤት በባትሪ ሠራተኛነት የተቀጠርኩ ዕለት ኃላፊው አቶ ደምሴ ሁለት ነገር አሳዩኝ። አንደኛው የባትሪ ክፍሉ ነው፤ ሁለት ረድፍ ባትሪ፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይሞላል፤ ጓሮ ደግሞ የናፍጣ ጄነሬተር። ሁለተኛዋ ኦፕሬተሯ እትዬ ብርቄ ነበረች፤ ማዞሪያ ሰሌዳው ፊት ተቀምጣ በሁለት እጇ ገመድ ትሰካለች።

"መብራት ቢጠፋም ስልኩ አይቆምም" አሉኝ በኩራት።

"እሷ ብትታመምስ?" አልኳቸው። የመጀመሪያ ቀኔ ስለነበር አለፉኝ።

ዛሬ ሰርቨር የሚጠብቁ ወጣቶች ስለ ሚሞሪ ብልሽት ሲያማርሩኝ ሳቄ ይመጣል። የኛ ሚሞሪ ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣ ነበር።

የዲላ ሰው በቁጥር አይደውልም። የስልኩን እጀታ አዙሮ "ብርቄ፣ ጨርቅ ነጋዴውን" ይላል። የታተመው የቁጥር መጽሐፍ ከአብዮቱ በፊት የወጣ ነው። መጽሐፉ ባለሀብት ያለው ቤት ተወርሶ ቀበሌ ገብቶበታል፤ ሆቴል ያለውም የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆኗል። አብዮቱ ከቦታው ያነሳውን ሁሉ አዲስ ቦታው ላይ የሚያውቀው የእሷ ጭንቅላት ብቻ ነበር።

የጭነት መኪና ያላቸው ሐጂ ነስሩ "ልጄ ብርቄ፣ ሹፌሬ የት ደረሰ?" ብለው ይደውላሉ። ሰዓቷን ታይና "ጠዋት ከፍስሐ ገነት ከተነሳ አሁን ጪጩ ከተማ ደርሶ ቁርስ ላይ ነው፤ ሻይ ቤቱን ላገናኝዎት" ትላለች። ሹፌሩም እዚያው ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ አፉን ሞልቶ።

በዓመቱ እትዬ ብርቄ አዋሳ ለሦስት ቀን የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠራች። አቶ ደምሴ ቢሯቸው አስገብተው በሩን ዘጉ።

"ስልኩ ከቆመ አሻጥር ይባላል። አሻጥር ከተባለ እኔና አንተ..." ቀሪውን በእጃቸው አሳዩኝ። "በጭንቅላቷ ያለውን ሳታውቅ በደብተር ገልብጥ።"

"ለምን ሳታውቅ?"

"ጠያቂ ሆነሃል" አሉኝ።

ሁለት ሳምንት መስመር የምፈትሽ መስዬ አጠገቧ ተንጎዳጎድኩ። "እትዬ፣ የአውራጃው አስተዳደር ስንት ቁጥር ነው?"

"አሥራ ሰባት" አለች ዞር ሳትል። "ምነው፣ ልትከሳቸው ነው?"

ሁሉንም የአሲድ መጠን በምመዘግብበት ደብተር ጀርባ ጻፍኩ። ያን ጊዜ መጽሐፍ አብዝቼ አነብ ነበር። አንባቢ ደግሞ የተጻፈ ነገር ያምናል፤ በተለይ ራሱ ከጻፈው።

የሄደችበት ቀን ረፋዱ ያለ ስህተት አለፈ። ክሊኒኩ ልክ፣ ሥጋ ቤቱ ልክ፣ ሐጂ ነስሩ ልክ። እኩለ ቀን ላይ፣ ይሄ ሥራ ያለ አግባብ ተካብዷል ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት በኋላ ከክፍለ ሀገሩ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ደውለው አስተዳዳሪውን ፈለጉ። አሥራ ሰባት ላይ ሰካሁ።

"ጓድ፣ ሪፖርቱ ደርሷል?" አሉ ባለሥልጣኑ።

"ሪፖርት አላውቅም" አለች አንዲት ሴት። "ጠጁ ግን ነገ ይደርሳል። ስንት ጠርሙስ ላስቀምጥልህ?"

ገመዱን ነቅዬ፣ ደብተሬ የምክትሉ ቢሮ ወዳለው ሃያ ሁለት ቁጥር ሰካሁት። የሬሳ ሣጥን ሠሪው አነሳ። "የሟቹ ቁመት ስንት ነው?" አለ በትሕትና።

ባለሥልጣኑ ማንነታቸውን ቀስ ብለው ነገሩኝ። ቀጥለው የኔን ስም ጠየቁ።

እትዬ ብርቄ ስትመለስ ደብተሩን ፊቷ ዘረጋሁት። እርሳስ አንስታ አራት ቦታ አከበበች። "እነዚህን ብቻ ነው ያሳሳትኩህ። እነሱን እንድታምን ሌላውን ልክ ልኩን ሰጠሁህ።"

"ምን በደልኩሽ?"

"ደብተሩ ባለቀ ማግስት እኔ ነገሌ ነኝ። የዝውውር ደብዳቤዬ ተተይቦ ደምሴ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ወንበሬን ለእህቱ ልጅ አስቦታል።"

"ማን ነገረሽ?"

"ስልክ ቤት እየሠራህ እንዲህ ይጠየቃል?" ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ። "ባሌ እዚህ ያስተምራል፤ ልጆቼ እዚህ ይማራሉ። ከዚህ ጭንቅላት ሌላ ምን መከላከያ አለኝ?"

በሳምንቱ የጽሑፍ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከክፍለ ሀገሩ መጣ። አቶ ደምሴ አመድ መስለው ባትሪ ክፍል ገቡ። "ምን ብዬ ልመልስ?"

"ሁለት መልስ ነው ያለው፣ ጓድ ኃላፊ። አንዱ፣ አሻጥር የሠራነው እኛ ነን የሚል ነው። ሌላው፣ ጓድ ብርቄ ከሌለች ይህን ስልክ የሚያሠራ ሰው የለም የሚል ነው።"

ሁለተኛውን ራሳቸው ተየቡት፤ ፈርመው ማኅተም መቱበት። የማትተካ መሆኗን በፊርማቸው ያረጋገጡላትን ሴት ማዛወር ለአቶ ደምሴም ከበዳቸው። የዝውውሩ ደብዳቤ ከመሳቢያው አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ብርቄ አዲስ ደብተር ገዝታ መጣች። "ጻፍ" አለችኝ። ከአንድ ጀምራ እስከ መጨረሻው አስጻፈችኝ። ከዚያ ወንበሯ ላይ አስቀምጣኝ ከኋላዬ ቆመች፤ ስሳሳት ጆሮዬን ትቆነጥጣለች። በየሰኞው አንድ ሰዓት እንዲህ ሠራን።

ከዚያ ሥራ ይዤ የወጣሁት ይህን ነው፦ ቅጂ፣ ባለቤቱ ባለበት ካልተሞከረ ቅጂ አይደለም። ባለቤቱም ቅጂውን ሰጥቶ እንደማይባረር ካላወቀ፣ ትክክለኛውን አይሰጥም።