ከጥግ ጀምሪ

በጃንሆይ ዘመን፣ መጋላ ሰፈር በነበረችው የአባቴ ሱቅ፣ ስኳር የሚጠቀለለው የባቡር ጣቢያው ፈረንጆች አንብበው በጣሉት ባለሥዕል ጋዜጣ ነበር። የአባቴ እህት፣ እኛ አዳዳ የምንላት፣ ሥዕል የበዛበትን ገጽ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ታስቀርልናለች። እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሱ አራት። ገጹን ዘርግታ «ውሻው የት አለ?» ትለናለች። እኔ ችኩል ነኝ፤ ዓይኔ ሲባክን ወንድሜ ቀድሞኝ ጣቱን ያሳርፍበታል። በጣም ያናድደኝ ነበር።

«አቦ፣ ዓይንሽን አታሯሩጪው!» ትላለች አዳዳ። «ከጥግ ጀምሪ። መስመር መስመሩን ሂጂ። ሥዕል አይሮጥም፤ ወላሂ የትም አይሄድብሽም።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችንን ይዛ ደቻቱ ወረደች። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ስለሆነ ገበያተኛው ዕቃውን አሸዋው ላይ ይዘረጋል። እሷ ቲማቲም ስትመርጥ ወንድሜን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

«እኔን ፈልጊኝ፣ እንደ ሥዕሉ» አለኝ። እሺ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሳልገልጥ ከላይ በኩል «ጎርፍ! ጎርፍ መጣ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ተራራው ላይ መዝነቡን ማን አወቀ። ሰው ዕቃውን እየጣለ ሮጠ። አዳዳ እጄን ጎትታ ዳር አወጣችኝና «ወንድምሽስ?» አለች። «ተደብቋል» አልኳት። እሷ ስሙን እየጠራች ተመልሳ ወረደች።

ከዳር ሆኜ አየሁ፤ ግመል፣ ጆንያ፣ ቅርጫት፣ አቧራ። የውሃው ድምፅ እየቀረበ ነው። ዓይኔ ሁሉንም ይነካል፣ አንዱንም አያይም። በእኔ ጥፋት ሊሞት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ ከጥግ ጀመርኩ። የአንዲት አህያ እግር። የተገለበጠው ቅርጫት። የቲማቲሙ ክምር። ጆንያዎቹ። በሁለት ጆንያዎች መሃል ትንሽ ተረከዝ።

«እዚያ! እዚያ!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ተሸካሚ ዘሎ ወርዶ አንጠልጥሎ አወጣው፤ አዳዳም ተከትላው ወጣች። ዳር ሲደርሱ ጭቃማው ውሃ ጆንያዎቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው።

አዳዳ ደረቷ ላይ ለጥፋው ታለቅሳለች። እኔ ግን «ጩኸቱን አልሰማህም?» ብዬ ተቆጣሁት። ሰምቷል። አዳዳ ስትጠራውም ሰምቷል።

«ሥዕል አይሮጥም እኮ» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ለልጆቼም ይህንኑ ጨዋታ አስተምሬያቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስጠራቸው መሮጥን።