አቦ በሁለት ቋንቋ

ጅግጅጋ መግባት ያስከፈለኝ መርካቶ የነበረኝን የጨርቅ ሱቅ፣ የእናቴን ምርቃትና ጨጓራዬን ነው። ሱቁን ሸጥኩት። እናቴ «ለሴት ብሎ አገሩን የሚለቅ ወንድ አላየሁም» ብላ ሳትመርቀኝ ቀረች። ጨጓራዬን የጨረሰው የግመል ወተት ነው።

ከተማው ታውኮ ሱቅ የተዘረፈበት የ2010 ክረምት ገና ማለፉ ነበር። የመሃል አገር ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ እኔ ጭኜ ገባሁ። የጅግጅጋዋ ልጅ ለሱቋ ጨርቅ ልትገዛ መርካቶ እየመጣች ስንት ጊዜ ዋጋ ስትከራከረኝ ከርማ፣ መጨረሻ ላይ እኔኑ ገዛችኝ። እናቷ የአልጋ ቁራኛ ስለነበሩ እሷ አዲስ አበባ መጥታ መኖር አልቻለችም። ሃይማኖታችን አንድ ነው። የቀረው፣ ሩዝ በሙዝ ከመብላት ጀምሮ፣ ለእኔ አዲስ ነበር።

አማቴ ከመጀመሪያው ቀን «ሆዮ» አሉኝ። ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት መሆኑን አውቃለሁ።

«እናትሽ ለምንድነው እናቴ የሚሉኝ?»

ሚስቴ ሳቀች። «እኛ ጋ እናት ልጇን በራሷ መጠሪያ፣ ‹ሆዮ› ብላ ነው የምትጠራው። አባትም ልጁን ‹አቦ› ይላል፤ አባት ማለት ነው።»

አባቷ ግን «ወርያ» ነው የሚሉኝ፤ አንተ ሰውዬ እንደማለት። ቀብሪበያ ከብት ገበያ ደላላ ናቸው፤ አማርኛቸውን ከገበያ ነው የለቀሙት። አንድ ቀን ጅግጅጋ በከፈትኩት ሱቅ ቁጭ ብለው፣ ገዢ ፊት፣ «ወርያ፣ በዚህ ዋጋ ትሸጣለህ? ከስረሃል!» እያሉ አላስቆም አላስቀምጥ ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

«ኧረ ተወኝ አቦ!»

አዩኝና ተነስተው ሄዱ። ቤት ስገባ ሚስቴ አፏን በሻሿ ይዛ ትስቃለች።

«አባዬን ምን አልከው? ‹አባቴ ብሎ ጠራኝ› እያለ ነው።»

«ተናድጄ ነዋ!»

«ዝም በል፣ እንዳትነግረው።»

«እሳቸውስ ታዲያ ምነው አቦ አይሉኝ?»

«አንተ በነፃ ሰጠኸው። እሱ ደላላ ነው፣ በነፃ አይሰጥም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ጠበቅኩ። ሰርግ ላይ ጠበቅኩ፣ ኢድ ላይ ጠበቅኩ። ወርያ።

አማቴ ሞቱ፤ ሆዮ የሚለኝ ጠፋ። ቆየት ብሎ ሚስቴን ኩላሊቷ ጣላት። ሐረር ወሰድኳት፣ አዲስ አበባ ወሰድኳት፣ መልሼ አመጣኋት። ጅግጅጋ ቀበርናት።

ሐዘኑ ሲበተን ጨርቄን በማዳበሪያ መጠቅለል ጀመርኩ። ሽማግሌው መጥተው አንዱ ጥቅል ላይ ተቀመጡ።

«ወርያ፣ ምንድነው ይሄ?»

«ልሄድ ነው።»

«ለምን?»

«እዚህ ማን አለኝ?»

የጥቅሉን ገመድ ቋጠሮ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ተወው፣ አቦ።»

በገበያው አማርኛ ይበሉት በቤታቸው ሶማልኛ፣ አልጠየቅኳቸውም። ጥሩ ዋጋ ሲጠራልኝ ደግሜ የምጠይቅ ነጋዴ አይደለሁም። ገመዱን ፈታሁ።

የመርካቶ ሱቄ ተሸጧል። እናቴ አልመረቀችኝም። ጨጓራዬ አልዳነም። ሚስቴ ሞታለች። ጅግጅጋ ነኝ።