ሠላሳ ስድስት ደረጃ

የእስር ክፍሉ ውስጥ እንዳስገቡኝ መጀመሪያ ያደረግኩት በእርምጃ መለካት ነበር። አምስት በአራት። የሥራ ልማድ ነው፤ ቦንጋ ውስጥ የሕንፃ ፕላን እየሳልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ስለነበረ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንደማመጥም።

የተያዝኩት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ኬላ ላይ ነው። ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ይጠረጠር ነበር። ያሳሰረኝ ከቦርሳዬ የወጣው ደብተር ነው። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የከተማዋን የድሮ መስጊዶች ስለካና ስስል ነበር የከረምኩት፤ የተፈለፈሉ የእንጨት መስኮቶች፣ አረንጓዴ ምሰሶዎች፣ በኖራ ግድግዳ ላይ የተሳለ ሐረግ። ሳይፈርሱ አንድ ሰው ይመዝግባቸው ብዬ ነው እንጂ የላከኝ የለም።

መርማሪው ደብተሩን ገልጦ አነበበልኝ።

“‘የሚናራው ደረጃ ሠላሳ ስድስት። አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል።’ ይሄ ለምን ተጻፈ?”

“ጠባብ ስለሆነ ነው።”

“አትቀልድ! ማተብ አስረህ መስጊድ ውስጥ ምን ትሠራለህ? በር ከፍቶ ያስገባህ ማነው? ስሙን ጻፍና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።”

ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጥቶ ወደ ክፍሌ መለሰኝ።

መስጊዱን ከፍተው ያስገቡኝ ጠባቂው ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ እግራቸውን እያመማቸው ሜትር ሊይዙልኝ ሚናራው ጫፍ ድረስ ወጥተዋል። ስማቸውን ብጽፍ በነጋታው እንደኔ ታስረው ያድራሉ። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

አብረውኝ የታሰሩት የከተማችን ባለሱቅ፣ ሙስሊም ናቸው፣ ወረቀቱን አዩት።

“ልጄ፣ የጠየቁህ ስም ነው። ስጣቸውና ልጅህ ጋ ግባ። ማንም አይፈርድብህም።”

“ጋሼ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ።”

ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉት። “ኢማሙ የሚቆምበት ሚህራብ እንዴት ያለ ነው?” ብለው ጠየቁኝ።

እዚያው ወረቀት ላይ ሳልኩላቸው። ቅስቱን፣ የከበበውን ሐረግ፣ ቁመቱን ከነሴንቲሜትሩ። ከግርጌው “ለክቼ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ የላከኝ የለም” ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። መርማሪው ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ከዚያ የሆነውን መዘርዘር አልፈልግም፤ ሌላ ሁለት ወር ቆየሁ።

ስፈታ ደብተሩ አልተመለሰልኝም። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በመስጊዱ አጠገብ በታክሲ አልፋለሁ እንጂ አልወርድም፤ የሚከተለኝ ካለ ጠባቂው ጋ እንዳላደርሰው። ባለፈው አየኋቸው፣ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የእንጨት መስኮቶቹ ተነቅለው አሉሚኒየም ገብቷል። “ሲታደስ እንደ ጥንቱ እንዲሠራ ንድፉን አመጣልዎታለሁ” ያኔ ስንለካ ብያቸው ነበር። ጠብቀውኝ ይሆናል። “ያ የቦንጋ ልጅ ቀጣፊ ነው” ሳይሉኝ አይቀሩም። ይህን ሳስብ ያመኛል። ግን በራቸው ላይ ተቀምጠው ይበሉኝ።