ሳሩሊ ተረተሩን የተሻገረች ጊዜ

ሳሩሊ መቀመጥ አይሆንላትም። በሕንድ ተራሮች መካከል ባለችው ዳሙላ መንደር ይህን የማያውቅ የለም። ምስር ስትለቅም ቆማ ነው። ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆዋን ይዛ ግቢው ውስጥ ትንጎራደዳለች። ከሴቶቹ ጋር ሣር ልታጭድ ስትወጣም ሌሎቹ ሸክማቸውን አስደግፈው ሲያርፉ እሷ አንድ እርከን ከፍ ብላ ሽቅብ ታያለች።

«እግርሽ ውስጥ ጉንዳን ገብቷል እንዴ? አንዴ እንኳ ቂጥሽ መሬት ይንካ!» ትላታለች አማቷ ጁፓ።

«እሺ እማዬ» ብላ ትቀመጣለች። አሮጊቷ ፊቷን አዙራ እስክትመልስ ግን ተነሥታለች።

መኪና የሚመጣው እስከ ዳሙላ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ በጫካው ውስጥ የድንጋይ መንገድ አለ፤ ከጫካው በላይ የግጦሽ ሜዳው፣ ከሜዳው በላይ የሂንዱዎች አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ። በረዶው ቀልጦ መቅደሱ ሲከፈት ከየከተማው ተሳላሚ ይመጣል፤ መንደሯ ውስጥ ያድርና ጧት ይወጣል። የሳሩሊ ባል ባክታዋር ሲንግ መንገድ መሪ ነው። እሱ ሰዎቹን ይዞ ሲወጣ እሷ አልጋ ታነጥፋለች፣ የዳጉሳ ቂጣ ትጋግራለች፣ ሳማ ትቀቅላለች። «ሳማ ደግሞ ይበላል እንዴ?» የሚላት እንግዳ መቼም አይጠፋም። «ቅመሰውና ካቃጠለህ ትከሰኛለህ» ትለዋለች።

እዚያ ቤት ተድራ መጥታ፣ ልጆች አሳድጋ ለከተማ እስክትሸኝ ድረስ አንድም ቀን መቅደሱን አልረገጠችም። አንዱን ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አንዱን ዓመት ሐዘን ላይ፣ ሌላውን ዓመት ላሚቱ ልትወልድ ደርሳ። ከዚያ በኋላ እንግዳው በዛና «ትሄጃለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቃትም ቀረ።

ታላቅ እህቷ ዳርሻኒ የተዳረችው ከተራራው ማዶ፣ ቱኔራ የሚባል መንደር ነው። በመኪና ከተሄደ ቁልቁል ወንዞቹ እስከሚገናኙበት ወርዶ፣ በሌላኛው ሸለቆ መልሶ ሽቅብ መውጣት ነው። ሳሩሊን ደግሞ መኪና ያስመልሳታል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ በስልክ እንጂ በዓይን አልተያዩም።

አንድ የግንቦት ጧት ባክታዋር የጋዝ ሲሊንደር አነሣለሁ ብሎ ወገቡ ቀጭ አለ። ከፑኔ ከተማ የመጡ ሁለት ሴቶች፣ ከባንክ ሥራ ጡረታ የወጣችው ሹባንጊና ጓደኛዋ፣ ጫማቸውን አጥልቀው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። የመንደሩ መንገድ መሪዎች ሁሉ ወጥተው አልቀዋል።

«እኔ እወስዳቸዋለሁ» አለች ሳሩሊ።

ባክታዋር በሆዱ እንደተኛ ቀና ለማለት ሞከረና አቃሰተ። «አንቺ? መንገዱን የት ታውቂውና!»

«አንተ በየማታው ስታወራው ስሰማ አይደል የኖርኩት? የማላውቀው ድንጋይ የለም።»

«ማን ሊያበስል?»

«የተቀጨው ወገብህ ነው፣ እጅህ ደህና ነው።»

ጁፓ ጥግ ላይ ሆና ሳቋ አመለጣት። ሳሩሊ መልስ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ወጣች።

መንገዱ ባሏ እንዳወራው ነበር፤ እሱ ያላወራው ግን ነፋሱን ነው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ልብሷ ውስጥ ገብቶ ሲያርገበግባት ሳቀች፤ ሴቶቹ ምን እንዳሳቃት አልገባቸውም። ማምሻውን መቅደሱ ደረሱ። ደወሉን ደወለች፣ ግንባሯን ደጃፉ ላይ አሳረፈች። አጠገቧ ሹባንጊ ታለቅሳለች። ሳሩሊም እንባ ይመጣልኛል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። ዓይኗ ከመቅደሱ ጀርባ ወዳለው ተረተር ብቻ እየሸሸ አስቸገራት።

«ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» ብላ የመቅደሱን ጠባቂ ጠየቀችው።

«የእረኞች መንገድ ነው። ሰው አይሄድበትም።»

በማግስቱ ሴቶቹ ፀሐይ እየሞቁ እስከ ቀትር መቆየት ፈለጉ። ሳሩሊ ለሹባንጊ፣ «እላይ ድረስ ወጥቼ ልይና ለምሳ እመለሳለሁ» አለቻት። ሹባንጊም «ሂጂ፣ ምን ቸገረን» አለች።

ተረተሩ ላይ ስትወጣ ሌላ ሸለቆ ከእግሯ ሥር ተዘረጋ። እርከኖች፣ ከታች ደግሞ የሚያብረቀርቁ ቆርቆሮ ጣሪያዎች። ቱኔራ መሆን አለበት። እስከዚያ ትልቅ ድንጋይ ብቻ ወርጄ ልይ አለች፤ ወረደች። እስከ ጅረቱ ልድረስና ውኃ ልጠጣ አለች፤ ጠጣች። ልትመለስ ቀና ስትል ጉሙ ተረተሩን ሸፍኖታል። ያኔ ፈራች። ወደላይ ከመሄድ ወደታች መሄድ ይሻላል ብላ፣ አንዳንድ ቦታ በቂጧ እየተንሸራተተች፣ መዳፏ እየተላጠ ወረደች። በመጨረሻ የማጭድ ድምፅና የሴቶች ጨዋታ ሰማች።

«የማን ነሽ አንቺ?» አሏት ሣር አጫጆቹ።

«የዳርሻኒ እህት ነኝ።»

«በየት መጣሽ?»

«በላይ።»

አንዷ ማጭዷን ጥላ ወደ ዳርሻኒ ቤት መራቻት።

ዳርሻኒ ጣሪያ ላይ በርበሬ እያሰጣች ነበር። እህቷን ስታይ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ እታለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«እንጃ» አለች ሳሩሊ። ዳርሻኒ ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደች አይታወቅም፤ ተቃቅፈው እየሳቁ አለቀሱ። ዳርሻኒ በርበሬ የነካ እጇን ረስታ ዓይናቸውን ስትጠርግ ደግሞ ልቅሶው ባሰ።

ጉሙ እስከ ምሽት አልተገፈፈም። በዳርሻኒ ስልክ ባሏ ጋ ደወለች።

«የት ነሽ?» አለ ባክታዋር።

«ቱኔራ።»

«የቱ ቱኔራ?»

«እታለም ቤት።»

 «ሴቶቹ ከጠባቂው ጋር ወርደዋል። ገደል ገባች ብለው ሲንቀጠቀጡ ነው የደረሱት። የላክኋቸው ሰዎች እየፈለጉሽ ነው» አለና ዘጋው።

ያቺ ሌሊት ለእህትማማቾቹ የጨዋታ ነበረች፤ ሳሩሊ ግን ግማሹን አልሰማችም። ጎህ ሲቀድ ተረተሩን ተሻግራ ተመለሰች። ዳሙላ ስትደርስ ሴቶቹ ሄደዋል። ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ያነጠፈችላቸውን አልጋ ቆማ አየችው። ባክታዋር በትር ተደግፎ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ አይቷት ፊቱን አዞረ። ውኃ ያቀበለቻት ጁፓ ናት።

«አየሽው?» አለቻት፤ አምላኩን ማለቷ ነው።

«ከጀርባው ያለውን መንገድ ነው ያየሁት፣ እማዬ።»

 አሮጊቷ «መቼም አንቺ!» ብላ ብርጭቆውን ተቀበለቻት።

ባክታዋር ለቀናት አላናገራትም። ቂጣውን በልቶ ይነሣል፤ የሚፈልገውን ለእናቱ ይናገራል። ሹባንጊ ግን ደወለች፤ ሳሩሊ ገና «ይቅር በይኝ» ስትል፣ «ጥለሽን ሄደሽ በድንጋጤ ልትገድይን ነበር!» ብላ ጮኸችባት፤ ቀጥላም እህቷ ደህና መሆኗን ጠየቀች። ሳሩሊ ያን ቀን አለቀሰች።

ክረምቱ ሲጋመስ፣ ዝናቡ ቤት ባዋላቸው አንድ ቀን፣ ባክታዋር ግድግዳውን እያየ፣ «ለመሆኑ ከላይ ሆነሽ ስታዪው እንዴት ነው?» አለ።

«አንተ አላየኸውም?»

«እስከ መቅደሱ ነው የኔ ሥራ። ሰው ‹ከዚያ ወዲያስ?› ሲለኝ ‹ምንም የለም› ስል ነው የኖርኩት።»

ክረምቱ ሲያልፍ ይዛው ወጣች። ተረተሩ ላይ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ማዶውን ሲያይ ቆየ። እሷ ከኋላው ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«እስቲ አንዴ ቁጭ በይ» አላት።

«እታለም ምሳ ሠርታ እየጠበቀችን ነው፣ ተነሥ!»

ዛሬ ዳሙላ የሚያድሩ አንዳንድ ተጓዦች ሳሩሊ እየመራቻቸው በመቅደሱ በኩል ተሻግረው ቱኔራ ይወርዳሉ፤ ጉም ካለ ግን ሳሩሊ ከመቅደሱ አታልፍም፣ አንድም ሰው ለብቻው አትተውም። ባክታዋር እንግዶች ያበላል፤ ጨው ያበዛል፤ ጁፓም ይህን ለሰው ማውራት ያስደስታታል። ሳሩሊ ቱኔራ ስትሆን ዳሙላ ምን ሆነ ትላለች፣ ዳሙላ ስትሆን ቱኔራ። በረዶ ተረተሩን ሲዘጋው ደግሞ ምንጣፍ ታራግፋለች፣ የተለቀመ ምስር መልሳ ትለቅማለች፣ ግቢው ጥግ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ዳርሻኒ ከማዶ ስትደውል ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሳት፣ «በናንተ በኩል በረዶው መቅለጥ ጀምሯል?» ትላታለች።