አንገቱ ሳይደርቅ የተቆረጠው ዱባ

በአንድ ሆቴል የአትክልት ጓሮ ሥራ የጀመርኩት ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ አንድ መደብ ቆስጣ ያጠፋሁትም በዚያው ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ጎመንና ካሮት ስሸጥ ስለኖርኩ፣ ስለ አትክልት የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ለወጥ ቤት ቆስጣ አምጪ ስባል ከነሥሩ እየነቀልኩ እቅፌ እስኪሞላ ይዤ ሄድኩ።

ዋናው አትክልተኛ አያ ደሴ አልተቆጡኝም። ወደ መደቡ መልሰው ወሰዱኝና የውጪውን ቅጠል ብቻ ወደ ታች ጫን አድርገው ሰበሩት፤ የመሐሉን ለጋ ተዉት። እንዲህ ከተለቀመ አንዱ ቆስጣ ወራት እንደሚያበላ ነገሩኝ። «አንቺ ስትሸጪ እንጂ ስትለቅሚ አልኖርሽም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው።

የቅጥር ደብዳቤዬ ረዳት አትክልተኛ ይላል። የተሰጠኝ መኮትኮቻና ቅርጫት ነው። ቢላዋ የሚይዙት አያ ደሴ ብቻ ነበሩ፤ መቼ እንደሚቆረጥ ያላወቀ ሰው ቢላዋ ምን ያደርግለታል ይሉ ነበር። ለእኔ ቢላዋ የሰጡኝ በሦስተኛው ዓመት ነው።

እስከዚያው ብዙ ተማርኩ። ሰላጣ ፀሐይ ሳይመታው በማለዳ ይቆረጣል፤ ረፋድ ላይ ከተቆረጠ ምሳ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ሽንኩርት ቅጠሉ ራሱ ሲተኛ ነው የሚነቀለው። ድንች ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ሁለት ሳምንት መሬት ውስጥ ይቆያል፤ አንዱን አውጥቶ በአውራ ጣት መፈተግ ነው፤ ልጣጩ ከተላጠ ገና ነው። ኮክ አይጎተትም፤ በመዳፍ ይዘው ቀስ ብለው ሲያዞሩት ከደረሰ እሺ ብሎ ይመጣል።

ዱባው ግን የአያ ደሴ የራሳቸው ጉዳይ ነበር። ዘሩ ከእናታቸው ጓሮ የመጣ ነው። ልጣጩ ሲደርስ አመድማ ይሆናል፤ ውስጡ ውኃ የማይበዛበትና ጣፋጭ ነው። በየዓመቱ ከሁሉም የሚሻለውን አንድ ዱባ መርጠው ከሐረጉ የሚያያዝበት አንገቱ ላይ ቀይ ክር ያስሩለታል። ክር ያለበትን ዱባ ማንም አይነካም። ለዘር የሚሆነው ፍሬው ደርቆ በቅል ተደርጎ የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል።

ቢላዋውን ከተቀበልኩ በኋላ አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። መጀመሪያ የዘራነው ደርቆ ቀረ። አያ ደሴ ቅሉ ውስጥ የቀረችውን ፍሬ በሙሉ ሐምሌ ማለቂያ ላይ ዘሩ። ጥቂት በቀለ፤ ያፈራውንም ወጥ ቤት በለጋው ጨረሰው። አጥሩ ሥር የቀረው ክር የታሰረለት አንዱ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ አያ ደሴ ለዓይናቸው ጠበል ሊጠመቁ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄዱ። ብዙ ቀን እንደሚቆዩ ነግረውኝ ነበር፤ ስልክ አይዙም። ሲወጡ ዱባውን በእጃቸው ዳሰሱና አንገቱ እንጨት እስኪሆን፣ ጥፍርም ልጣጩን መብሳት እስኪያቅተው አትንኪው አሉኝ።

በእኛ ጓሮ ዱባ ሳይቆረጥ ከኅዳር ሚካኤል አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ውርጭ አለ። የነቢያት ጾም በገባ በማግስቱ ሙሉ የምትባለው የወጥ ቤት ኃላፊ መጣች። የጾም ምግብ ያዘዙ ብዙ እንግዶች ሊገቡ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም የዱባ ወጥ እናቀርባለን ብሎ ቃል ገብቷል። ለዘር ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ፍሬውን አንቺ ውሰጂ፣ የቀረውን ለእኔ ስጪኝ፣ ማን ምን ይጎዳል አለች።

ነገሯ ልክ መሰለኝ። ሚካኤልም አልፏል፣ ልጣጩም አመድማ ሆኗል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያ ዓመት በሐምሌ ማለቂያ የተዘራ መሆኑን እኔው አብሬያቸው ዘርቼ እያወቅሁ ዘነጋሁት። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ቢላዋው እጄ ላይ እያለ ሰው መጠየቅ አሳፈረኝ።

ስቆርጠው አንገቱ አረንጓዴ ነበር። ውኃ አንጠባጠበ።

ፍሬውን በጣቶቼ ስይዘው ስስ ነበር። ሲደርቅ ይጠነክራል አልኩና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ሲደርቅም ቅሉ ውስጥ ጨመርኩት። አያ ደሴ ሲመለሱ ዓይናቸው አልተሻላቸውም። ቅሉን አንስተው ነቅነቅ አደረጉት።

«አንገቱ ደርቆ ነበር?»

«ደርቆ ነበር፣ አያ» አልኳቸው።

ቅሉን መልሰው ሰቀሉት።

በሰኔ ዘሩት። አልበቀለም። ግማሹን አስቀርተው ስለነበር እሱንም ዘሩ፤ እሱም አልበቀለም። አፈሩን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አንዱን ፍሬ አወጡና ሰነጠቁት፤ ውስጡ ባዶ ገለባ ነው። ዓይናቸው ስለማያይ በጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «አምና ሐምሌ ማለቂያ መዝራቴ ነው፤ ብርድ ገባበት። ከእንግዲህ እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም» አሉ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በዚያው ሳምንት ለሥራ አስኪያጁ አስረከቡ። እሱም ለእኔ ሰጠኝ። ዋና አትክልተኛ የሆንኩት እንዲህ ነው።

ቤታቸው ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ላይ ነበር። ካሮትም ሰላጣም ይዤ እጠይቃቸው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ እወጣለሁ፤ ስለ ጉልበታቸውና ስለ ዝናቡ ተጫውተን እመለሳለሁ። ያንን ዘር በየገበያው ፈልጌ አጣሁት። ፍለጋው ራሱ ከመናገር ማምለጫዬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ያ ይበልጥ ያሳፍረኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድኩ ጊዜ ከገበያ ዱባ ወስጄላቸው ነበር። አንገቱን ዳሰሱ፣ በጥፍራቸው ጫኑት። «ይኼስ ደርሷል» አሉ። ዱባውን አስቀምጠው፣ «የእናቴን ዘር እኔ አጠፋሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጎረቤት ገባ። አያ ደሴ ዐቢይ ጾም ሳይወጣ አረፉ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ቢላዋውን የተቀበለችኝ ሴት ምክር ካለሽ ንገሪኝ አለችኝ። ዱባ አንገቱ ሳይደርቅ እንዳትቆርጪ፣ ቀን ቆጥረሽም እንዳትቆርጪ አልኳት። ከቆረጥሽ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ለባለዘሩ ንገሪው።